ትከሻ ላይ የቀረች እጅ

ሰፈሩ እውነተኛ ስሙን ከረሳው ቆይቷል፤ «ላጲስ» ነው የሚለው። ጠባሳ ያጠፋል፣ ማድያት ያጠፋል፣ የወለቀ ጥርስ ይተክላል፣ ፎቶ ሲነሣ ዓይኑን የጨፈነ ሙሽራ ካለ ከሌላ ፎቶ ዓይን አምጥቶ ይገልጥለታል። ደንበኛ የፎቶ ቤቱን በር ገፋ አድርጎ ሲገባ እንደ ሌላው ባለሱቅ «ምን ልታዘዝ?» አይልም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ምን ይጥፋልህ?» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እሱ አይስቅም። በስድሳ አራት ዓመቱ ብዙ የሚያስቅ ነገር አላየም፤ አየ ቢባልም የሳቁት ሌሎች ናቸው።

ትምህርቱን ያቆመው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። የተማረ ሰው ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። እነሱም ቢሆኑ ለጉርድ ፎቶ ሲመጡ «እባክህ ይቺን የአገጬን ነገር» እያሉ ይለማመጡታል፤ በማግስቱ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው። ይሁን። የሰውን ፊት ከቅርብ የሚያውቅ ሰው በሰላምታ አይታለልም።

ሰኞ ጠዋት በሩን የገፋችው ሴት የቁልፍ ዘለላ በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ትልቅ ፖስታ ደረቷ ላይ ለጥፋ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ናት።

«ላጲስ የሚሏቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምን ይጥፋልሽ?»

«እጅ።»

«የማን እጅ?»

«እሱን አናውቅም» አለችና ፖስታውን ከፈተች። «ዳይሬክተራችን ዓርብ ጡረታ ይወጣሉ። የቀድሞዎቹ ዳይሬክተሮች ፎቶ ኮሪደሩ ላይ ተደርድሯል፤ ሁሉም ሸምግለው፣ ሁሉም ተኮሳትረው። የእሳቸውን ግን በወጣትነታቸው፣ መምህራን ማሠልጠኛ ሊገቡ ሲሉ የተነሡትን አሳድገን ልንሰቅል ነው። አያውቁም፤ ድንገት ነው የምናሳያቸው። ባለቤታቸው ከአልበም አውጥተው በድብቅ ሰጡኝ። ሁሉ ነገር ጥሩ ሆኖ፣ ይቺ እጅ ብቻ ናት ያበላሸችው። የሰፈር ሰው ይሆናል፤ ማን ያውቃል!»

ላጲስ ፎቶውን ተቀበላት። ጥቁርና ነጭ ናት። አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ኮት ለብሶ፣ አንገቱን አስግጎ ቆሟል። በአንድ በኩል ፎቶዋ በመቀስ ተቆርጣለች፤ ቁርጡ ቀጥ አላለም። ከተቆረጠው በኩል ልጁ ትከሻ ላይ አንዲት እጅ ቀርታለች፤ አራት ጣት፣ ጥቂት የእጅ ጀርባ፣ ከዚያ መቀስ። የሌባ ጣቷ ጥፍር መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል።

ላጲስ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደበቃት።

የሱው እጅ ናት። ልጁም ታናሽ ወንድሙ ነው። አባታቸው ሲሞት ከሁለት አንዱ መማር ነበረበትና ታላቁ ደብተሩን ዘግቶ ብሎኬት ማምረቻ ገባ። ጥፍሩን የሰነጠቀው የብሎኬት ቅርጽ ማውጫ ብረት ነው። ኮቱንም የገዛው እሱ ነው። ወንድሙ ወደ ማሠልጠኛው በሚሄድበት ዋዜማ ሲሚንቶው ከልብሱ ሳይራገፍ በቀጥታ ከሥራ መጥቶ አብረው ተነሡ። ልጁ እንደ ቅጠል ሲንቀጠቀጥ ፎቶ አንሺው «ታላቁ! ያዝልኝ እስቲ ይሄን ልጅ፣ ፎቶዬን ሊያደበዝዝብኝ ነው» አለ። ያኔ ነው እጁን ትከሻው ላይ ያሳረፈው።

ምክትሏ ይሄን ሁሉ አታውቅም። እንዴት ታውቃለች? ዳይሬክተሩ ወንድም እንዳለው ለማን ተናግሮ ያውቃል! ከዘጠኝ ዓመት በፊት ላጲስ የተማሪዎችን ፎቶ ይዞ ቢሮው ሲገባ እንግዶች ተቀምጠው ነበር። ወንድሙ ብድግ አለና «የሰፈራችን ፎቶ አንሺ ናቸው» ብሎ አስተዋወቀው። ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር። ይበልጥ ያቃጠለው «ናቸው» ማለቱ ነው፤ በእናቱ ልጅ አንቱ ተብሎ መራቅ። ከዚያ በፊትም ሠርጉን እንዲያነሣለት ለምኖት ነበር። አነሣ። ሦስት መቶ ፎቶ፤ አንዱም ላይ እሱ የለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ይቻላል?» አለች ምክትሏ።

እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። ግን እምቢ ቢል ፎቶዋን ሌላ ሰው ይወስዳታል፤ ይቺኑ እጅ ሌላ ሰው ይፍቃታል፤ ያውም አበላሽቶ፣ ትከሻውን እንደ ቀለጠ ሻማ አድርጎ።

«ይቻላል። ኀሙስ ነዪ» አላት።

አንድ ቀን በሕይወቱ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ወንድሙ «ይሄ ወንድሜ ነው» ሲል መስማት ነበር የሚፈልገው። ሌላ ምንም አልፈለገም። አሁን ደግሞ የመጨረሻዋን ምስክር ራሱ ሊያጠፋት ነው።

* * *

ፎቶዋን ስካን አድርጎ ስክሪኑ ላይ ዘረጋት። ድሮ ቢሆን በሾለ እርሳስና በምላጭ፣ ነጌቲቭ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚሠራው። ኮምፒውተር ሲመጣ ማንም አላስተማረውም፤ ሰው ሲሠራ ከኋላ ቆሞ በዓይኑ ለቀመው እንጂ።

መጀመሪያ የእጅዋን ዙሪያ መረጠ። የተመረጠ ነገር ዳር ዳሩን የሚንቀሳቀስ ነጠብጣብ መስመር ያወጣል፤ ላጲስ «ስፌቱ» ይለዋል፣ ልብስ ሰፊ በመኪና ከመስፋቱ በፊት በእጁ የሚያልፍበትን ክር ስለሚመስል። ስፌቱ ጣቶቹን ጥብቅ አድርጎ ያዛቸው። ግን ልክ ቆዳው ጠርዝ ላይ ቢቆም የጣቶቹ ጥላ ኮቱ ላይ ይቀራል። በአምስት ነጥብ አሰፋው። በዛና የአንገትጌውን ጫፍ ነካበት። በሁለት አጠበበው። እንዲህ ነው ሙያው። ጀማሪ የሚፈልገውን ነገር ይመርጥና ያበቃል፤ አዋቂ ግን ከዚያ ምን ያህል አልፎ እንደሚቆም ያውቃል።

ከወዲያኛው ትከሻ የኮቱን ጨርቅ ቀዳ፣ ገለበጠና እንደ እራፊ እጅዋ ላይ ጣለው። እራፊው ከእጅዋ ሌላ ምንም እንዳይሸፍን ማስክ አደረገለት። ማስክ ማለት መስኮት የተቀደደለት መጋረጃ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ይታያል፣ ሌላው ይከለላል። የሚጠፋ ነገር ግን የለም። እጅዋ ከእራፊው ሥር እንዳለች አለች። ከተቆረጠው በኩል ደግሞ የስቱዲዮውን ግድግዳ ቀጠለበት፤ መቀሱ ያለፈበት ቦታ ሜዳ ሆነ።

አንዲት ነገር ቀረች። የተሰነጠቀው ጥፍር ጫፍ እንደ ክር ቀጥኖ ከእራፊው ዳር ብቅ ብሏል። ማስኩ ትንሽ መስፋት አለበት፤ ጨርቁ ግን ንቅንቅ ማለት የለበትም፣ የክሩ አቅጣጫ ይዛባል። በእራፊውና በማስኩ መሐል አንዲት ትንሽ ሰንሰለት አለች፤ እሷ ከታሰረች አንዱ ሲያድግ ሌላውም አብሮ ያድጋል። ላጲስ ሰንሰለቷን ፈታ፣ ማስኩን ብቻ ይዞ ዳሩን ሳብ አደረገ። ጥፍሩ ተዋጠ።

ወደ ኋላ ተደግፎ አየው። ያምራል። ልጁ ብቻውን ቆሟል፤ ማንም ሳይይዘው ከመሬት የበቀለ ይመስላል። ጠላት ቢያየው እንከን አያወጣለትም። ቂሙ ሥራውን እንዲያበላሽበት አልፈቀደም፤ ይህን ያህል ኩራት አለው። ከዚያ በኋላ ግን ያንን ትከሻ ዳግመኛ ማየት አስጠላው። ሰንሰለቷን መልሶ ማሰሩንም ረሳው።

ኀሙስ ከሰዓት በኋላ የጎረቤቱ ፍሬም ሠሪ በሩን በእግሩ ከፍቶ ገባ።

«ላጲስ! ሁሉን አጠፋህ፣ አንተን የሚያጠፋ ጠፋ!»

«ምን አበላሸህ ደግሞ? ስትቀልድ የምትገባው ስታበላሽ ነው።»

«ፍሬሙ ትንሽ ሰፍቷል። በዚህም በዚያም አራት አራት ጣት። እንጨቱ ደርቆ ነው።»

«እንጨት ሲደርቅ ይጠባል እንጂ ይሰፋል እንዴ?»

«የኔ እንጨት ግትር ነው፤ ባለቤቱን ይመስላል። እንደ ገና ልሥራው ብል ለነገ አይደርስም። አንተ ልጁን ትንሽ አወፍረው።»

ማተሚያ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ምክትሏ ሁለት ጊዜ ደውላለች። ላጲስ እየተራገመ ተቀመጠ፣ የተደራረቡትን ሌየሮች ሁሉ አንድ ላይ ያዘ፣ ማዕዘኑን ጎተተ። ልጁ አደገ፣ ግድግዳው ሰፋ፣ እራፊውም አደገ። ያላደገው ሰንሰለቷ የተፈታበት ማስክ ነው፤ በድሮ ልኩ፣ በድሮ ቦታው ተገትሮ ቀረ። ስክሪኑ ትንሽ፣ ፎቶው ትልቅ ነው። ዓይኑ ደግሞ ከዚያ ትከሻ ሸሽቷል። ሳያየው ላከው። ማተሚያ ቤቱ ወረቀቱን ጠቅልሎ ሰጠ። ፍሬም ሠሪው ወጥሮ ሲያስገባው ምን መኖር ምን መጥፋት እንዳለበት የነገረው ሰው አልነበረምና ጨርቅ አልብሶ አስረከበ።

* * *

ዓርብ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ምክትሏ ላጲስንም ጠርታው ነበርና መጣ፤ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጨርቁ ሲነሣ ጭብጨባው ቀለጠ። ቀድማ ማጨብጨብ ያቆመችው ምክትሏ ናት።

ልጁ ትከሻ ላይ ሁለት ጣቶች አሉ። እጅ የለም፣ ክንድ የለም። አንድ ሰው ከጀርባው ተደብቆ ቆንጠጥ ያደረገው ይመስል ሁለት ጣቶች ብቻ ከኮቱ ውስጥ ብቅ ብለዋል። የአንዱ ጥፍር መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አንድ መምህር ከላጲስ ፊት።

«ከኋላ የሚጠራቸው ሰው አለ» አለ ሌላው። ወንበሮች በሳቅ ተንቀጫቀጩ።

ላጲስ ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ፎቶው ሲያድግ ማስኩ ባለበት ቀርቶ ሁለቱን ጣቶች ገልጧቸዋል። «ሰንሰለቷ!» አለ ድምፅ አውጥቶ። ማን ይረዳዋል! ምክትሏ በወንበሮቹ መሐል እየተሽሎከለከች መጣች። «ምን አደረግንዎት? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?» አለችው በሹክሹክታ። ከፊት ረድፍ የወንድሙ ሚስት ዞራ በዓይኗ ፈልጋ አገኘችው፤ «ሆን ብሎ ነው! ቂመኛ! ዛሬን እንኳ ቢተወው ምን አለበት!» አለች ለአጠገቧ ሰው፣ ግን እሱ ጋ እንዲደርስ አድርጋ። ዕድሜ ልኩን ቂም ሲይዝ ኖሮ ንጹሕ በሆነባት በአንዲቷ ቀን ተያዘ።

ዳይሬክተሩ ከመቀመጫው ተነሣ። መነጽሩን አውልቆ ወደ ፎቶው ተጠጋ። ከዚያ አውራ ጣቱን አነሣና የተሰነጠቀውን ጥፍር ነካው።

«ሌሎቹ ጣቶች የት ሄዱ?» አለ።

«ይቅርታ ዳይሬክተር፣ ስሕተት ነው» አለች ምክትሏ እየሮጠች ተመልሳ። «ሁሉም መጥፋት ነበረባቸው።»

«ሁሉም?»

መልስ አልጠበቀም። ወደ ማይክራፎኑ ሄደ። መምህራኑን አመሰገነ፣ ወላጆችን አመሰገነ፣ ዘበኞቹንና የጽዳት ሠራተኞቹን ሳይቀር በየስማቸው አመሰገነ። «እና ደግሞ...» ባለ ቁጥር በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ልቡ ብድግ ይላል። «እና ደግሞ» አምስት ጊዜ መጣ፣ አምስቱም ለሌላ ሰው ሆነ። ንግግሩ አልቆ ሲጨበጨብ ላጲስ ወጥቶ ሄደ።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ፍሬም ሠሪው ፎቶ ቤት ተቀምጦ «ሁለት ጣት ይሻላል፣ አራቱን በአንዴ ምን ያጣድፍሃል» እያለ ሲያሾፍበት በሩ ተገፋ። ዳይሬክተሩ ነው። ያንን የሚያህል ፍሬም ብቻውን ተሸክሞ መንገዱን ተሻግሯል፤ አንገትጌው በላብ ርሷል።

ላጲስ ከወንበሩ አልተነሣም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«ምን ይጥፋልህ?»

«አሁንስ የጠፋውን እንድትመልስልኝ ነው» አለ ወንድሙ ፍሬሙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ።

«ሆን ብዬ አይደለም። ለሚስትህም ንገራት።»

«አውቃለሁ።»

«ከየት ታውቃለህ?»

«ሆን ብለህ ቢሆን አራቱንም ታወጣቸው ነበር። አንተ ሥራ በግማሽ አትተውም።»

ላጲስ ማውሱን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቀሰ። ፍሬም ሠሪው ልሂድ ወይስ ልቆይ እያለ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ያያል፤ መቆየቱን መረጠ።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ ዳይሬክተሩ ቆሞ እንዳለ። «ማሠልጠኛው ማደሪያ ውስጥ ከአልጋዬ በላይ ለጥፌው ነበር። አንድ ልጅ መጥቶ ‹ይሄ የቀን ሠራተኛ ማነው?› አለኝ። ቤታችንን የሚሠራልን ሰውዬ ነው አልኩት። በነጋታው መቀስ ተዋስኩ። አንተን ቆረጥኩ። እጅህ ጋ ስደርስ አልሆነልኝም፤ እሷን ልቁረጥ ብል ትከሻዬ አብሮ ሊሄድ ነው። እንዲያ አጥብቀህ ነበር የያዝከኝ። ተውኳት።»

«ግማሹስ?»

«ጣልኩት። አስቀምጬዋለሁ ብልህ ደስ ይልህ ነበር። ግን ጣልኩት።»

አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ላጲስ ለዚህ ቀን የሚሆን ንግግር ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ አልጋው ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ የሰው ቡግር ሲፍቅ። ስድቡ በተርታ ተደርድሮ ነበር። አሁን ሰውየው ራሱ መጥቶ ሲያምንለት ስድቡ ሁሉ ሥራ ፈታ። ወደ ስክሪኑ ዞረና ፎቶውን ከፈተ። እራፊውን ከነማስኩ አነሣው። እጅዋ ሙሉዋን ወጣች፤ አራት ጣት፣ ሲሚንቶ የነጣበት የእጅ ጀርባ።

ወንድሙ ከኋላው ጎንበስ ብሎ አየ። «ክንድህንስ? አንተንስ መመለስ ይቻላል?»

«ማስክ የከለለውን እመልሳለሁ። መቀስ የጣለውን ከየት አምጥቼ?»

«እንግዲያው እንዲሁ አትምልኝ። ይሰቀል።»

«ኮሪደሩ ላይ? ‹የማን እጅ ናት› ሲሉስ?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ጡረታ ወጥተሃል እኮ። ኮሪደር ላይ ወንበር ይዘህ ተቀምጠህ ልትነግር ነው?»

«ከጀርባው እጽፈዋለሁ።»

«ከጀርባው ከጻፍክማ የሚያነበው ግድግዳው ነው።»

ፍሬም ሠሪው ሳቁ አመለጠው። ዳይሬክተሩ ግን ስልኩን አወጣ፣ ደወለ፣ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ዳይሬክተር፣ ሰውየው አስተካከሉት?» አለች ምክትሏ።

«እያስተካከለው ነው። ከፎቶው ሥር የምትለጠፈው ሰሌዳ ላይ ከስሜ ቀጥሎ ይሄን አስጽፊ፤ ‹ትከሻው ላይ ያለችው እጅ ያስተማረው የታላቅ ወንድሙ ናት።›»

«ታላቅ ወንድም አለዎት እንዴ?»

«ላጲስ የምትሉት።»

«ፎቶ አንሺው?»

«ጋሼ ነው» አለ ዳይሬክተሩ። ስልኩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እንደማይሰማ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ደገመው። «የእናቴ ልጅ። ጋሼ ነው። ሰኞ ለመምህራኑ አንቺ ንገሪልኝ፤ እኔ ዓርብ መናገር ሲገባኝ አፌ ታሰረ።»

ፍሬም ሠሪው ከወንበሩ ተነሥቷል። «አንተ! ሃያ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን፣ ዳይሬክተሩ ወንድምህ ነው?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለ ላጲስ። መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደው።

ከዚያ ሥራ ያዘ። ክንድ የሌላት እጅ በአየር ላይ ተንጠልጥላ እንዳትቀር፣ የቀጠለውን ግድግዳ አውጥቶ ፎቶውን ልክ እጅዋ የምታልቅበት ላይ ቆረጠው፤ እንደዚያ ከሆነ ያያት ሰው ባለእጁ ከፍሬሙ ማዶ ቆሟል ይላል። ጣቶቹን አጎላ። በልማድ የጥፍር ስንጥቅ ላይ ማለስለሻ ብሩሹን አሳረፈ።

«እሷን ተዋት» አለ ወንድሙ።

«ለሕዝብ የሚሰቀል ነው እኮ።»

«ተዋት አልኩህ፣ ጋሼ።»

ተዋት። የቀሩትን ሰንሰለቶች አንድ በአንድ እያየ አሰራቸው፤ ማዕዘኑን ሳብ አድርጎ ሞከረ። ልጁም ትከሻውም እጅዋም አብረው አደጉ፣ አብረው ተመለሱ። ደግሞ ሞከረ። ፍሬም ሠሪው በትከሻው ላይ አጮልቆ አየና የአዲሱን ፎቶ ስፋት በዓይኑ ለካ።

«ኧረ ይሄ ጠበበ! ፍሬሜ ውስጥ ይዋኛል። ልጁን ሰፋ አድርገው እንጂ።»

«አሁን ፍሬሙ ነው የሚጠበው» አለ ላጲስ።

«እንጨቴ ግትር ነው አላልኩህም?»

«ሂድና መጋዝህን አምጣ» አለው። ወንድሙ የደንበኛ ወንበሯን ሳብ አድርጎ አጠገቡ ተቀመጠ።